አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ውጤት፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ ደጋፊዎችና የአቻ ጣጣ

ሰዓቱ አልቋል፤ ውጤቱ 2 ለ 2 ነው። የአምስት ደቂቃው ጭማሪም ያለ ጎል አልፏል። ፓኳ በሜዳው መሃል ነጥብ ላይ ተቀምጣለች። አንድ አጥቂ ብቻውን ይዟት ይነሳል፤ ሌላው ተጫዋች ሁሉ በየወንበሩ ተደርድሮ ያያል። ከግቡ ጀርባ የቆሙት ተማሪዎች በእንግዳው ግብ ጠባቂ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ወንፊት! ወንፊት!» ይላሉ። ቃሉን እኔ አላሳመርኩትም፤ በእንግሊዝኛም የሚጮኹት ያንኑ ዱቄት የሚነፋበትን ዕቃ ስም ነው። አጥቂው ወደ ቀኝ የሄደ መስሎ በግራ ይመልሳታል፤ ግብ ጠባቂው እግሩን ቢዘረጋም አይደርስባትም። አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል፤ የተማሪዎቹ የሙዚቃ ጓድ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ይነፋል። ሰው ካፖርቱን እየደረበ «አሸነፍን» እያለ ወደ ብርዱ ይወጣል።

በማግስቱ ግን የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ በያዘው መዝገብ ላይ ያ ጨዋታ የሚገኘው በአቻ ዓምድ ነው። በሊጉ ሰንጠረዥ ባለሜዳው አሸንፎ አንድ ነጥብ ጨምሯል፤ በብሔራዊው መዝገብ ግን ሁለቱ አልተሸናነፉም። የአንድ ማታ ጨዋታ ሁለት ውጤት ይዞ ያድራል። የኮሌጅ ሆኪ ደጋፊዎች ለዓመታት ሲነታረኩበት የኖሩት የጭማሪ ሰዓት፣ የመለያ ምትና የአቻ ጉዳይ እዚህች ላይ ነው የሚቋጠረው።

ጨዋታውን ላላየ ሰው፣ የገናን ጨዋታ በበረዶ ላይ ያስበው። ዱላው ጫፉ የታጠፈ ነው፤ በሩሯ ፋንታ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ አለች፤ ተጫዋቹ ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታል። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ ይሰለፋሉ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። በወንዶቹ ከፍተኛ ምድብ ከ60 የሚበልጡ ኮሌጆች በስድስት ሊጎች ተከፍለው ይጫወታሉ፤ መደበኛው ወቅት ለአንድ ቡድን 34 ጨዋታ ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ቡድኖች አርብ ማታ ይገናኙና ቅዳሜ ማታ በዚያው ሜዳ ይደግሙታል። ይቺን የአርብና የቅዳሜ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሚኒያፖሊስ የሚኖር አበሻ ሆኪ ባያይም ከደጋፊው ጋር መተላለፉ አይቀርም። በክረምት አርብ ማታ በዩኒቨርሲቲው በኩል የሚያልፈው ባቡር ጠቆር ያለ ቀይና ወርቃማ ሹራብ በለበሰ ሰው ይሞላል። ሲመለሱ ፊታቸውን አይቶ ማን እንዳሸነፈ መገመት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው አቻ የወጡ ዕለት ነው።

አቻን የሚጠሉት ደጋፊዎች አንድ የቆየ የአሜሪካ አባባል አላቸው፤ እኩል መውጣት እህትን እንደ መሳም ነው ይላሉ። ስሜት የሌለው፣ ከንቱ ነገር ማለታቸው ነው። እኔ ይህን አባባል ስሰማ ሁልጊዜ ነጥቡ ያመልጠኛል። እኛ ዘንድ እህት ስትመጣ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴም አራቴም ይሳማል፤ ደጁ ላይ የሚያልቅ ሰላምታም አይደለም። ምናልባትም ለአቻ የማዳላው ከዚህ የተነሳ ይሆናል። በእግር ኳስ ያደገ ሰው «ነጥብ ተጋርተው ወጡ» የሚለውን ዜና ሰምቶ ሬዲዮኑን አይሰብርም፤ ጊዮርጊስና ቡና ያለ ጎል ቢለያዩም ከተማው የሚያወራው አያጣም።

አሜሪካም ብትሆን አቻን ሁልጊዜ አልናቀችም። በ1968 ሃርቫርድና ዬል በአሜሪካ እግር ኳስ ሲገናኙ ሃርቫርድ በመጨረሻዎቹ 42 ሴኮንዶች 16 ነጥብ አስቆጥሮ 29 ለ 29 ወጣ። የሃርቫርድ ተማሪዎች ጋዜጣም ሃርቫርድ ዬልን 29 ለ 29 አሸነፈ የሚል ርዕስ አወጣ። ያ ርዕስ ከብዙ የዋንጫ ዜና በላይ ዕድሜ አግኝቷል። አቻ ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ሽንፈት ሊሆን እንደሚችል የጨዋታው ሂደት ራሱ ይናገራል፤ ማንም ተጨማሪ ፍርድ አላስፈለገውም። በዚያው የኮሌጅ እግር ኳስ አቻ የሚባል ነገር በ1996 ጨርሶ ቀረ።

የሆኪው ታሪክ ግን ከሐሳብ ይልቅ በባቡር ነው የጀመረው። የሰሜን አሜሪካው ባለሙያ ሊግ ኤንኤችኤል በመደበኛ ወቅት ጭማሪ ሰዓት ነበረው፤ በ1942 ግን ጦርነቱ የባቡር ጉዞን ስላጠበበና ቡድኖች ባቡራቸው እንዳያመልጣቸው ስለተፈለገ ተሰረዘ። ጦርነቱ አልቆም ሳይመለስ አርባ ዓመት ቆየ፤ የተመለሰው በ1983 ነው። አሮጌ ደጋፊዎች «ጥንታዊው፣ ንጹሑ አቻ» እያሉ የሚያወድሱት ነገር፣ በባለሙያዎቹ ሊግ እንኳ፣ ሥሩ ሲቆፈር የባቡር ሰዓት ሰሌዳ መሆኑ ያስቀኛል። በ2005 ኤንኤችኤል የመለያ ምትን አስገባ፤ አንድ ሙሉ ወቅት በሥራ ማቆም ውዝግብ ከተቃጠለ በኋላ ተመልካች ማስመለሻ ነበር። በ2015 ደግሞ ጭማሪውን ሦስት ለሦስት አደረገው።

ኮሌጆቹ ከኋላ ተከተሉ፤ እየጎተቱም ነበር። ለረጅም ጊዜ ደንባቸው አምስት ደቂቃ፣ አምስት ለአምስት፣ ጎል ካልገባ አቻ የሚል ነበር። በ2008 ሲሲኤችኤ የተባለው የመካከለኛው ምዕራብ ሊግ መለያ ምት ጀመረ፤ በ2013 መጫወት የጀመረው ኤንሲኤችሲ ሦስት ለሦስትንም ጨመረበት። የምሥራቁ ሊጎች ሆኪ ኢስትና ኢሲኤሲ ለዓመታት አንገራግረዋል። በ2020 ኤንሲኤኤ ራሱ የአምስት ደቂቃ ሦስት ለሦስትን ለሁሉም ደንብ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመለያ ምት ግን ለየሊጉ ነጥብ ተወው እንጂ በራሱ መዝገብ ድል ብሎ አልቆጠረውም። ሁለት ውጤት የሚያድርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ደጋፊውን በጣም የሚያነታርከው ሦስት ለሦስት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ሜዳው 61 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወደ 26 ሜትር ይሰፋል። ከአሥር ሯጭ አራቱ ሲወጡ በረዶው ባዶ መስክ ይሆናል። ፈጣን ልጅ ክንፍ ያወጣል፤ አንድ ስህተት ሁለት ለአንድ ማጥቃት ይወልዳል፤ ያኛው ሲከሽፍ ወዲያው በሌላው አቅጣጫ ሌላ ይወለዳል። መጀመሪያ ያየ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። እኔም ተነስቻለሁ።

ነገር ግን አሠልጣኝ ደመወዝ የሚበላው ደስታን ለመቀነስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቡድኖቹ ፓኳን መያዝ ከማጥቃት እንደሚበልጥ ደረሱበት። ክፍት መንገድ ካላገኙ ይዘዋት ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ከመሃል መስመርም አልፈው ወደ ራሳቸው ግብ ይወስዷታል፤ ተጫዋች ይቀይራሉ፤ እንደገና ይመጣሉ፤ እንደገና ይመለሳሉ። ሌላው ቡድን ሦስቱን ሰው በሦስት ማዕዘን አቁሞ ይጠብቃል። አምስት ደቂቃው ሁለት ጊዜ በመሞከርና ስምንት ጊዜ በመዞር ያልቃል። የተማሪው ጩኸት መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ወደ ማጉረምረም ይቀየራል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ደጋፊ ከመሃል መስመር ወደ ኋላ መመለስ ይከልከል የሚለው፤ በቅርጫት ኳስ እንዳለው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ሦስት ለሦስት ሌላ ስፖርት ነው ብሎ ከነጭራሹ ይዘጋዋል፤ 60 ደቂቃ አምስት ለአምስት የተጫወተን ቡድን በማያውቀው ጨዋታ መመዘን የማራቶን ሯጭን በመቶ ሜትር እንደ መለየት ነው ይላል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ጥልቅ ቡድን፣ አራት መስመር ተጫዋች ያለው፣ የለፋበትን ብልጫ እዚህ ያጣዋል፤ ሁለት ጎበዝ ልጆች ያሉት ደካማ ቡድን ግን ያተርፍበታል።

ኤንሲኤኤም ይህን የተረዳ ይመስላል። ደንቡ ሲጀመር በሦስት ለሦስት የተገኘ ድል ለብሔራዊው ውድድር ቡድን በሚመረጥበት ስሌት ላይ 55 በመቶ ድል፣ ሽንፈቱም 45 በመቶ ድል ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው። አባት ለልጁ ዛሬ 55 በመቶ አሸነፍን ብሎ እንዴት እንደሚያስረዳ አላውቅም። ስሌቱ ግን ከደንቡ ጀርባ ያለውን ጥርጣሬ አጋልጦታል፤ ድሉን ያወጁት ሰዎች ራሳቸው ሙሉ ድል አድርገው አላመኑትም።

ነጥቡን በተመለከተ ኮሌጆቹ ከባለሙያዎቹ ይሻላሉ። ዋናዎቹ ሊጎች በ60 ደቂቃ ላሸነፈ 3፣ በጭማሪ ወይም በመለያ ምት ላሸነፈ 2፣ በዚያው ለተሸነፈ 1 ይሰጣሉ፤ ከአንድ ጨዋታ የሚወጣው ድምር ምንጊዜም 3 ነው። በኤንኤችኤል በመደበኛ ሰዓት ያለቀ ጨዋታ 2 ነጥብ ሲያወጣ ወደ ጭማሪ የሄደው 3 ያወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች መጨረሻው ላይ አቻውን ይዘው ወደ ጭማሪ መድረስን ይመኛሉ። የሚያስመርረው የመጨረሻው አሥር ደቂቃ፣ ማንም ማንንም የማይነካበት፣ የሚመነጨው ከአቻ ሳይሆን ከዚህ ስሌት ነው። ደጋፊው ግን ብዙ ጊዜ የሚረግመው አቻን ነው።

ጭቅጭቁ በሙሉ ፀጥ የሚልበት አንድ ቦታ አለ፤ የጥሎ ማለፉ ወቅት። እዚያ መለያ ምት የለም፣ ሦስት ለሦስት የለም። አምስት ለአምስት፣ 20 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ እያሉ አንዱ እስኪያገባ ይቀጥላሉ። እግር ኳስ አንድ ዘመን «ወርቃማ ጎል» ብሎ ሞክሮት የተወው ነገር እዚህ ከጥንቱ እስካሁን ሕያው ነው። በ2023 የፍጻሜ ጨዋታ ኩዊኒፒያክ ሚኒሶታን 3 ለ 2 ያሸነፈው ጭማሪው በተጀመረ በ10ኛው ሴኮንድ ነው፤ ተመልካቹ ከመጸዳጃ ቤት ገና አልተመለሰም ነበር።

ሌላው ጫፍ በመጋቢት 2021 በፋርጎ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ የታየው ነው። ሚኒሶታ ዱሉት 2 ለ 0 ይመራ ነበር፤ የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ሁለቱንም መለሰ። በመጀመሪያው ጭማሪ ዱሉት አግብቶ ተቃቅፎ ከጨፈረ በኋላ ቪዲዮ ታይቶ ከጨዋታ ውጪ ተባለ። ሁለተኛው ጭማሪ አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። ከ50 በላይ ያዳነው የዱሉት ግብ ጠባቂ ዛክ ስቴስካል ጡንቻው ተኮማትሮ መቆም አቃተው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀዘቀዘው ራያን ፋንቲ ገባ። በአምስተኛው ጭማሪ፣ ጨዋታው 142 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ሲሞላ፣ ሉክ ማይሊሞክ የተባለ የዱሉት ተማሪ አገባና 3 ለ 2 አለቀ። በኤንሲኤኤ ውድድር ታሪክ ከዚያ የረዘመ የለም። እኩለ ሌሊት አልፏል።

ያን ሌሊት ያየ ደጋፊ ሁሉ፣ አቻ ወዳዱም መለያ ምት ወዳዱም፣ ያወራበታል። በመለያ ምት ቢለያዩ ኖሮ ይበጅ ነበር ሲል የሰማሁት የለም። የሰሜን ዳኮታ ደጋፊም፣ ቡድኑ የክልሉ አንደኛ ሆኖ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ የወደቀው፣ ልቡ ይሰበር እንጂ ተበደልኩ አይልም። ሐኪም የሚለው ሌላ ነው፤ ከሁለት ጨዋታ በላይ በአንድ ሌሊት የተጫወተ የ20 ዓመት ልጅ አካል የሚከፍለው አለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሌላ ጨዋታ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ስጋት አልንቀውም። በ2015 ማሳቹሴትስ ኖተርዳምን በሆኪ ኢስት የመጀመሪያ ዙር 4 ለ 3 ሲያሸንፍ 151 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ፈጅቶ ነበር፤ በኮሌጅ ሆኪ ረጅሙ ነው። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ የሚያልፍበት ዙር ስለነበር ማሳቹሴትስ ቀጣዮቹን ሁለት ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ታሪክ ሠርቶ ባዶ እጅ መመለስ እንዲህ ነው።

እኛም ብንሆን ጭማሪ ሰዓትን የምናውቀው በደግ ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብጽ በ90 ደቂቃ 2 ለ 2 ነበሩ፤ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በጭማሪው አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። በመለያ ምት የተገኘ ዋንጫ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን እንደዚያ ይተርኩት ነበር?

መለያ ምትን የሚወዱት ሰዎች መልስ የላቸውም ማለት አይደለም። ስዊድናዊው ፒተር ፎርስበርግ በ1994 ኦሎምፒክ ፍጻሜ ካናዳ ላይ በመለያ ምት በአንድ እጁ ያገባት ጎል በአገሩ የፖስታ ቴምብር ላይ ታትማለች። ጥቅል ጨዋታ የሚሸፍነውን የአንድ ሰው ጥበብ መለያ ምት ገልጦ ያሳያል፤ ልጆች በየጓሮው የሚለማመዱትም እሱን ነው። ከሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቲጄ ኦሺ በ2014 በሶቺ ኦሎምፒክ ሩሲያ ላይ ስድስት ጊዜ ሞክሮ አራቴ ሲያገባ አሜሪካ በሙሉ በማለዳ ተነስታ ጮኻለች። በ2018 የኦሎምፒክ የሴቶች ፍጻሜ ደግሞ ሌላዋ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ጆሴሊን ላሙሩ ዴቪድሰን ግብ ጠባቂዋን አንሸራትታ አገባች፤ የዱሉቷ ማዲ ሩኒ የመጨረሻዋን ምት አዳነችና ወርቁ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም አቀፉ የሆኪ ማኅበር በወርቅ ሜዳሊያ ጨዋታ መለያ ምትን ትቶ ሦስት ለሦስት አንዱ እስኪያገባ እንዲቀጥል አድርጓል። ኮሌጆቹ በፍጻሜያቸው ያልነኩትን ነገር ሌሎቹም በፍጻሜያቸው ሸሹት።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን የ2025ቱ የሴቶች ኮሌጅ ፍጻሜ ነው። ዊስኮንሲን በኦሃዮ ስቴት 3 ለ 2 እየተመራ 18.9 ሴኮንድ ሲቀር፣ አንዲት የኦሃዮ ተጫዋች ግቡ አፍ ላይ ፓኳን በእጇ ሸፈነች ተብሎ ፍጹም ቅጣት ተሰጠ። ከርስተን ሲምስ ከመሃል ብቻዋን ተነስታ አገባች። በጭማሪውም ያቺው ልጅ ደግማ አግብታ ዋንጫውን ወሰደች። እንቅስቃሴው ከመለያ ምት ጋር አንድ ነው፤ አንድ አጥቂ፣ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ባዶ በረዶ። ልዩነቱ ከጨዋታው የበቀለ መሆኑ ነው፤ ጥፋት ነበረ፣ ሰዓት ይቆጥር ነበር፣ ብትስት ኖሮ ሌሎቹ ሮጠው መቀጠል ነበረባቸው። መለያ ምት ግን ሰዓቱ ከሞተ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነው። ደጋፊው ድሉን ወደ ቤቱ ይዞ ሲሄድ እጁ ላይ የሚቀልለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ፍረድ ካላችሁኝ፣ በመደበኛው ወቅት አሥር ደቂቃ አምስት ለአምስት ይጫወቱ፤ ካልተሸናነፉ አቻ ይጻፍ፤ አዳራሹ ያየውና መዝገቡ የሚለው አንድ ይሁን። የዓመት ትኬት የሌለው፣ ልጆቹን ይዞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ቤተሰብ ያዝንብኝ ይሆናል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ያለ አሸናፊ መመለስ አይወድም። ቴሌቪዥኑም አይወድም። ልክ ናቸው፤ ለእነሱ መለያ ምቱ የማታው ጣፋጭ ነው።

ይሁን እንጂ የኮሌጅ ሆኪ ባለሙያዎቹ የማያገኙት አንድ ነገር አለው፤ ከላይ ያስያዝኳችሁን ቅዳሜን። ኒውዮርክ ከቦስተን ጋር ማክሰኞ አቻ ቢወጣ የሚቀጥለው ግጥሚያ ወር ሊቆይ ይችላል። አርብ 2 ለ 2 የተለያዩት ኮሌጆች ግን ቁርስ ላይ በአንድ ከተማ ናቸው፤ እንግዶቹ ሆቴላቸው አድረዋል፤ ባለሜዳዎቹ ተማሪዎች ገና ድምፃቸው እንደ ሻከረ ነው። ማታ ያው ግብ ጠባቂ ከዚያው ግብ ፊት በረዶውን በጫማው እየፋቀ ይቆማል፤ ተማሪዎቹም ከጀርባው ቦታቸውን ይዘው ጣታቸውን ይቀስራሉ።